ከመድረኩ እስከ አፈሩ፦ “ድገሙት” የተባሉት እህታችን የኖሩት ሕይወት

እህታችን ከሊፍት ጠጋኙ አባታቸውና ከሚዛን ተቆጣጣሪዋ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በሚገኝ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ የተወለደው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ወንድማቸው ብቻ ነው።

አባታቸው የጠገኑትን ሊፍት ራሳቸው ገብተው ላይ ታች ሳይሉበት ለማንም አይለቁም ነበር። እናታቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የነጋዴ ሚዛን ሲፈትሹ ውለው፣ ማታ ቤት የገባውን ስኳር በራሳቸው ሚዛን እንደገና ይመዝኑታል። ጎረቤቱ “ይህች ልጅ በእናቷም በአባቷም በኩል ተጠራጣሪ ናት፤ ማመንን ከማን ትማር?” እያለ ይስቅ እንደነበር የቀሩት ዘመዶች ያስታውሳሉ።

ጥርጣሬያቸው ሁልጊዜ ልክ ነበር ለማለት አይደለም። የስድስተኛ ክፍል ሽልማት ሊቀበሉ ሲጠሩ፣ ከሳንቃ የተሠራው መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ጠርዙን በእግራቸው ደጋግመው ረገጡት። ርዕሰ መምህሩ “ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?” ብለው ሲቆጡ፣ “እየሞከርኩት ነው፤ እላዩ ላይ እናንተ ብዙ ናችሁ” ብለው መለሱ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መድረኩ ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት የትምህርት ቤቱን ዘማሪና ተናጋሪ ሁሉ ችሎ ኖሯል። እህታችን ግን “አልተሰበረም ማለት አይሰበርም ማለት አይደለም” እንዳሉ ቀሩ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በመካኒካል ምሕንድስናም ተመረቁ። የመጀመሪያ ሥራቸው ትራክተር ፋብሪካ ውስጥ ፍሬን መፈተሽ ነበር። “ይዟል” ሲሏቸው “ዳገት ላይ ይዟል? ጭቃ ላይስ? ሾፌሩ ደክሞት ዘግይቶ ቢረግጠውስ?” እያሉ የፋብሪካውን ሰው ፋታ ነሱት። ፋብሪካው ሲሰናበታቸው ያዘነውና የተደሰተው ሰው እኩል ነበር ይባላል። በሃያ ሰባት ዓመታቸው አንድ የጠፈር ምርምር ማዕከል የፈተና መሐንዲስ ፈልጎ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተወዳድረው ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ድረስ ከዚያ አልወጡም።

በማዕከሉ የተሰማሩበት ሥራ ሮቨር ማውረድ ነበር። ሮቨር ሰው ሳይሳፈርበት በሌላ ዓለም አፈር ላይ የሚነዳ ባለ ስድስት ጎማ መኪና ነው። ወደ ማርስ የሚጓዘው ጎማዎቹ ታጥፈው፣ አካሉም ማረፊያው መድረክ ላይ በአራት መቆለፊያ ተጠፍሮ ነው። መድረኩ መሬት ከነካ በኋላ መቆለፊያዎቹ መፈታት፣ ጎማዎቹ መዘርጋት፣ የፊትና የኋላ መውረጃዎቹም መከፈት አለባቸው። ከዚያ ሮቨሩ በራሱ ጎማ ወርዶ አፈር ይረግጣል። ሌላው መሐንዲስ ሁሉ ያን የብዙ መቶ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መንገድ ሲካፈል፣ ለእህታችን የደረሳቸው ከመድረኩ እስከ አፈሩ ያለው ሦስት ሜትር ነበር። ባልደረቦቻቸው “ርስትሽ እንዴት ጠበበች!” እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ “ጠባብ ናት፤ ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ እንግዳ በር ላይ የሚቀረው እኔ ርስት ላይ ነው” ይሉ ነበር።

የሚሠሩበት አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮት የሌለው ነበር። ወለሉ ላይ ጥቁር የተፈጨ ድንጋይ እንደ አሸዋ ተነጥፎበታል። ማርስ ላይ ዕቃ የሚከብደው እዚህ ከሚከብደው ከግማሽ በታች ስለሆነ፣ ከጣሪያው የወረደ ገመድ የሚፈተነውን ሮቨር ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ይይዘዋል። ጥጉ ላይ የጭነት መኪና የሚያስገባ በር ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ነበር፤ አየሩ ተመጥጦ የማርስ ብርድ ይሞላበታል። ሮቨሮቹ መንትዮች ነበሩ። ወደ ማርስ የሚሄደው “ታላቅ”፣ እዚህ ቀርቶ የሚፈተነው “ታናሽ” ይባላሉ። ታናሽ ያልወደቀበት አወዳደቅ፣ ያልታጠፈበት አቅጣጫ አልነበረም። በታላቅ ወንድሙ ፈንታ የሚገረፍ ልጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ሙከራ ተሳክቶ ሰው ሲያጨበጭብ ከኋላ የሚሰማው የእህታችን ድምፅ ነበር፦ “ድገሙት።” ሲከሽፍም ያው “ድገሙት” ነው። ቀስ በቀስ የአባታቸው ስም ተረስቶ “እትዬ ድገሙት” ሆነው ቀሩ።

ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው ነው። ባለቤታቸው የመቆለፊያ መሐንዲስ ነበሩ። እሳቸው መቆለፊያ ሠርተው ሲያመጡ፣ እህታችን መቆለፊያው የሚከዳበትን ቀን ይፈልጋሉ። ባለቤታቸው እንደሚያጫውቱን፣ የጋብቻውን ጥያቄ ያቀረቡት ሠራተኛው ምሳ በሚበላበት አዳራሽ፣ ሰሃን እያነሱ ሳለ ነው። እህታችን ቀና ሳይሉ “ድገመው” አሉ። ደገሙት። “አሁንም ድገመው።” ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ስላልተለወጠ እሺ ተባሉ። በትዳራቸውም አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ታላቅ ሊጓዝ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ የሕይወታቸው ከባድ ነገር መጣ።

ታናሽ ቀዝቃዛው ክፍል ገብቶ ብርዱ ሙሉ በሙሉ ከያዘው በኋላ የመፍቻው ትእዛዝ ተሰጠ። ሦስቱ መቆለፊያዎች ተፈቱ። የኋላ ግራው እንደተቆለፈ ቀረ። ትእዛዙ ቢደገምም አልተፈታም። ማርስ ላይ ቢሆን ኖሮ ጉዞው እዚያው ላይ ያበቃ ነበር፤ የስንት ሰው ዕድሜ ያለቀበት መኪና እንደታሰረ በግ መድረኩ ላይ ቆሞ ይቀር ነበር። ክፍሉ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ድረስ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በማግስቱ አቀዝቅዘው ሲሞክሩት ተፈታ። በሌላውም ቀን ተፈታ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ቢሞክሩት አንዴም አላስቸገረም።

ጉዞው እንዳይዘገይ ላይ ታች የሚሉት የማዕከሉ ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ “እርጥበት ገብቶ በረዶ ሠርቶ ነው፤ አለቀ” አሉ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እህታችን ግን “ራሱን በራሱ ያዳነ ብረት አይቼ አላውቅም” አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳራሹ ጥርጣሬ ገባበት። እህታችን መቆለፊያው በከሸፈበት ማታና በተፈታበት ጠዋት መሐል የነካው ሰው አለ ብለው ቆረጡ። ለዚያ ክፍል መግቢያ ካርድ የነበራቸው አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ምክትሉ፣ የቀዝቃዛው ክፍል ኃላፊ፣ ባለቤታቸውና ራሳቸው።

መጀመሪያ የጠረጠሩት የክፍሉን ኃላፊ ነው። እኚህ ሰው በበጋም ቢሆን ሁለት ሹራብ ደርበው ስለሚውሉ “ባለ ሹራቡ” ይባላሉ። ዝምተኛ ናቸው። ዝምታቸው ራሱ ለእህታችን ጥርጣሬ ምግብ ሆነ። በምሳ ሰዓት፣ የምግብ አዳራሹ ሙሉ ሳለ፣ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄደው ቆሙባቸው።

“ያን ጠዋት በሩን ከእኔ በፊት ለምን ከፈትከው?”

“ሞቆ ስለነበር ነዋ።”

“ገብተህ ምን ነካህ?”

“ምንም።”

“ምንም ያልነካ ሰው ፊቱ እንዲህ አይለዋወጥም።”

ባለ ሹራቡ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሰው ሰሃኑን ይዞ እህታችን ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ራቅ ብሎ መቀመጥ ጀመረ። ሰላምታው አጠረ። እሳቸው ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል። እሳቸውም የተቋረጠውን ወሬ እየቆጠሩ ይበልጥ ይጠራጠሩ ነበር።

ምክትሉንም አልማሩም። ቢሯቸው ገብተው “እርስዎስ ያን ማታ ከወጡ በኋላ ተመልሰው ነበር?” ብለው ጠየቋቸው። ምክትሉ “እኔን ነው?” አሉ። “አራታችንንም ነው፤ ራሴንም ጭምር” ብለው መለሱ። ምክትሉ ከዚያ ወዲያ ለየሰዉ “ሴትዮዋ ደክሟታል፣ ዕረፍት ያስፈልጋታል” ማለት ጀመሩ።

ራሳቸውን ከጠየቁ በኋላ የቀረው አንድ ሰው ነበር። እሱም ማታ ማታ አብሯቸው ራት የሚበላ ሰው ነው።

ባለቤታቸው በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን ልብስ አጥበው አያውቁም ነበር። ያን ሰሞን ግን የሥራ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ሲያጥቡ ሴት ልጃቸው አየችና እየሳቀች ለእናቷ ነገረች፤ “አባዬ አርጅቷል መሰለኝ፣ ልብስ ማጠብ ጀመረ!” እህታችን አልሳቁም። ወደ ጓሮ ወጥተው የተሰጣውን ሸሚዝ እጅጌ ገለበጡት። ጫፉ ላይ ብር የመሰለ ግራጫ እድፍ ነበረበት፤ ቢታሽም አልለቀቀም። መቆለፊያው ውስጥ የሚቀባው፣ በብርድ የማይረጋው ደረቅ ቅባት ቀለሙ እንዲሁ ነው።

ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መቆለፊያ የሚሠራ ሰው እጅጌው ቢያድፍ ምን ይገርማል? እህታችንን ያስደነገጣቸው ሸሚዙ መታጠቡ ነው። ከዚያ ወዲያ በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ ሆኑ። ባለቤታቸው ሲስቁ ለምን ሳቁ፣ ዝም ሲሉ ለምን ዝም አሉ እያሉ ሲያብሰለስሉ ቆዩ። ባለቤታቸውም “ሥራ እንዴት ዋለ?” ብለው መጠየቅ ትተዋል። ይህንንም አስተውለዋል።

እሁድ ጠዋት ልጆቹ ወጥተው ሳለ ባለቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ይልጡ ነበር። ቀጥሎ የተባባሉትን ሁለቱም ለየብቻቸው፣ በተለያየ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ስለነገሩን እንዳለ አስፍረነዋል።

“ነካኸው እንዴ?”

“ምኑን?”

“ምኑን እንደሆነማ ታውቃለህ። መላጡን አቆምክ እኮ።”

ባለቤታቸው ቢላዋውን አስቀመጡ። “ቅባቱ ሳስቶ ነበር። ታናሽ ላይ ያለው ስንቴ ተፈቶ ተገጥሟል፤ ተፍቆ አልቋል። ጨመርኩበት። ትንሽ ነው።”

“ለማን ተናገርክ?”

“ብናገር ምርመራ ይከፈታል፤ ጉዞው ያመልጠናል። ምድርና ማርስ እንዲህ የሚቀራረቡት በሁለት ዓመት አንዴ መሆኑን አንቺው ታውቂያለሽ። ታላቅ ላይ ያለው ሙሉ ነው፣ በእጄ ነው የቀባሁት። አታምኚኝም?”

እህታችን “እኔ አምንህ ይሆናል። ብርዱ ግን አያውቅህም” አሉ።

“ምን ልታደርጊ ነው?”

“ነገ እናገራለሁ። አንተ ቀድመህ ብትናገር ደስ ይለኛል፤ ረፋዱ ድረስ እጠብቅሃለሁ።”

ሰኞ ረፋዱ አለፈ። ባለቤታቸው ጠረጴዛቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ነበሩ። እህታችን በአጠገባቸው አልፈው ደረጃውን ወጡ፤ የምክትሉንም በር አንኳኩ።

ባለቤታቸው በዚያው ቀን ከሥራ ታገዱ። ታላቅ ላይ ያለው የኋላ ግራ መቆለፊያ ተከፍቶ ታየ። ቅባቱ እንዳሉት ሙሉ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ በእህታችን ላይ ዞረ፤ “ይኸው፣ በከንቱ የገዛ ባሏን አዋረደች” ተባለ። አማታቸው “የልጄን ወንበር ፈልጋ ነው” አሉ። ከእኛ ወገንም ሳይቀር “ባል በእንዲህ ያለ ነገር ይከሰሳል ወይ?” ያለ ነበር። ምክንያቱን በሥራው ውስጥ የፈለገው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የፈለገው በሴትዮዋ ልብ ውስጥ ነው።

ባለቤታቸው ከቤት አልወጡም። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሚስታቸውን “አንቺ” ማለት ትተው “እርስዎ” ማለት ጀመሩ። “ጨው ያቀብሉኝ።” “ስልክ ይፈልግዎታል።” “ደህና ይደሩ።” ልጆቹ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። ውሎ ሲያድር ሴቷ ልጅ ከገበታ ተነስታ አለቀሰች። አክብሮት ሰውን እንዲህ እንደሚያቆስል ቤተሰቡ ያን ጊዜ አወቀ። እህታችን ለወንድማቸው “ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር። ለ‘እርስዎ’ ግን ምን መልስ አለ?” ብለዋል።

እንዲህም ሆኖ ጥርጣሬያቸው አልተኛም። ቅባቱ ሙሉ ሆኖ መገኘቱ ሌላውን ሲያሳርፍ እሳቸውን አስጨነቃቸው። “ታናሽን ያስቸገረው የቅባት ማነስ መሆኑን ማን ነገረን? የነገረን የቀባው ሰው ብቻ ነው” አሉ። ታላቅ ራሱ ቀዝቃዛው ክፍል ገብቶ ይፈተን ብለው ጠየቁ።

ምክትሉ “የሚሄደውን ዕቃ እዚህ ልናሰቃየው ነው?” ብለው ጮኹ።

“እዚህ ይሰቃይ። እዚያ ጠጋኝ የለም።”

“ይሄ ጥርጣሬሽ መቼ ነው የሚጠግበው?”

“ሲፈታ።”

ክርክሩ እስከ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ደረሰ፤ በመጨረሻ ተፈቀደ። እህታችን ከፈተናው በፊት አንድ የቀራቸው ጉዳይ ነበር። በምሳ ሰዓት፣ አዳራሹ እንደ በፊቱ ሙሉ ሳለ፣ ባለ ሹራቡ ጠረጴዛ ድረስ ሄዱና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ “በሰው ፊት ጠርጥሬሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። አልነካህም” አሉ። ባለ ሹራቡ ቀና ሳይሉ “ተቀመጪ በቃ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል” አሏቸው። ስለ ቅዝቃዜ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ስለሌለ እህታችን ተቀመጡ።

ታላቅ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ብርዱ ሲይዘው ትእዛዙ ተሰጠ። ሦስቱ ተፈቱ። የኋላ ግራው አልተፈታም።

ልክ ነበርኩ ብሎ የተደሰተ ፊት እንዳይታይባቸው ይሆናል፣ እህታችን ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። ያን ጊዜ “ድገሙት” ያሉት ምክትሉ ናቸው። ተደገመ፤ አልተፈታም።

ያን መቆለፊያ ከሠራው ሰው በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ባለቤታቸው ይጠሩልን ብለው ሥራ አስኪያጁን የለመኑትም እህታችን ራሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው መጡ። መቆለፊያውን ፈታትተው፣ ደጋግመው አቀዝቅዘው አዩት። ያ ጥግ ከሦስቱ ይልቅ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ፒን የሚባለው ቀጭን የብረት ዘንግና እሱ የሚገባበት ቤት ደግሞ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠሩ ናቸው። ብርዱ ሲበረታ ቤቱ ከፒኑ ይበልጥ ይኮማተርና ጥርስ መካከል እንደገባ ሥጋ ነክሶ ይይዘዋል። አዲስ የተቀባ ቅባት ለጥቂት ጊዜ ያንሸራትተዋል፤ ሲሰነብት ግን ጉልበቱ ይከዳል። ወደ ማርስ የሚሄድ ዕቃ ደግሞ መንገድ ላይ ወራት ይሰነብታል። ባለቤታቸው ኮሚቴው ፊት ቆመው “የጨመርኩት ቅባት በሽታውን ደበቀው እንጂ አላዳነውም። ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ። ፒኑ በአንዲት ፀጉር ውፍረት ያህል ቀጥኖ እንደገና ተሠራ።

በእነዚያ ሳምንታት ባልና ሚስት ትከሻ ለትከሻ ሠሩ። “መብራቱን ወደዚህ ያድርጉልኝ።” “ይኸው፤ ይበቃዎታል?” ለሰማቸው ሁሉ በአዲስ የተዋወቁ ሰዎች ይመስሉ ነበር። ፒኑ በብርድ ሲፈታ፣ ሲደገምም ሲፈታ፣ ተያዩና ሁለቱም ወደየጠረጴዛቸው ተመለሱ። ታላቅ በቀጠሮው ቀን ተነሳ። ቤት ውስጥ ግን “ደህና ይደሩ” ቀጠለ።

ታላቅ ማርስ ላይ በሰላም ያረፈ ቀን መቆጣጠሪያው ክፍል በሰው ተሞልቶ ነበር። ባለቤታቸውም ኋላ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተፈቅዶላቸዋል። የመፍቻው ትእዛዝ ተላከ። ብርሃን እንኳ እዚያ ለመድረስ ደቂቃዎች ስለሚፈጅበት፣ መልሱ እስኪመጣ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። አራቱም ተፈተዋል። ሰው ዘለለ፣ ተቃቀፈ። እህታችን ግን ከዚያ አልፈው ወደ ቀጣዩ ጥርጣሬያቸው ሄደው ነበር፤ የመጀመሪያው ምስል ላይ ያለው የፊት መውረጃ አላማራቸውም። አንዱ ጠርዙ ቋጥኝ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አፈሩን አልነካም።

ምክትሉ “ስሌቱ ይወርዳል ይላል” አሉ። እህታችን ወደ አዳራሹ ሄደው ተመሳሳይ ቋጥኝ በታናሽ መውረጃ ሥር አስቀመጡ። ታናሽ አንዴ ወረደ። ሁለተኛም ወረደ። ሰው ወደ ታላቅ ለመመለስ ሲነሳ፣ እሳቸው ቋጥኙን በእግራቸው ትንሽ ገፋ አድርገው እንደገና አስነዱት። ጎማው ተንሸራተተ፤ ታናሽ በጎኑ ዘንበል ብሎ ከጣሪያው ገመድ ላይ ተንጠለጠለ። እህታችን ገመዱን በጣታቸው እያሳዩ “ይሄ እዚያ የለም” አሉ። ተጨማሪ ክርክር አላስፈለገም።

የቀረው የኋላ መውረጃው ነበር፤ ሮቨሩ ወደ ኋላ፣ በደንብ ሳያይ መሄድ አለበት። ያን በታናሽ ላይ እስኪሰለች ድረስ ተለማመዱት። ከዚያ ትእዛዙ ለታላቅ ተላከ። የመጣው ምስል ባዶ መድረክና ከሥሩ ቀይ አፈር ላይ የተጎተተ የጎማ ዱካ ያሳይ ነበር።

ባለቤታቸው ከኋላው ወንበር ተነስተው፣ ሰዉን እየገፉ መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። “ወረደልሽ እኮ! አየሽው?” አሉ።

እህታችን ዓይናቸውን ከምስሉ ሳይነቅሉ “አየሁት። ቀኝ ዱካው ላይ ያለው ጥላ ግን ምንድን ነው?” አሉ። ባለቤታቸው በሳቅ ፍርስ ብለው ወንበር ፈለጉ። እህታችን ግን እጃቸውን ሰደው የባለቤታቸውን እጅጌ ይዘው ነበር፤ ስብሰባው እስኪበተን አልለቀቁትም። ጥላው ጥላ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ታላቅ ከታሰበለት በላይ ለዓመታት ተጉዟል። ባለቤታቸው ከቅጣታቸው በኋላ ወደ ሥራ ተመልሰው፣ “የነካሁትን ሳልናገር አላድርም” የሚል ልማድ ይዘው ጡረታ ወጡ። እህታችንም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወጣት መሐንዲሶችን አስተማሩ። ለተማሪዎቻቸው ይሉ የነበረው “ሰውን ስትጠረጥሩ ቶሎ ጠይቁት፤ ከተሳሳታችሁም ቶሎ ተመለሱ። ብረት አይቀየምም፣ ሰው ግን ይቀየማል” ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚኖሩበት ሕንፃ ነዋሪዎች ሊፍቱ በተጠገነ ቁጥር እሳቸው ሳይገቡበት አንገባም ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት የሳንባ ሕመም ያዛቸው። በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ሕመሙ እንደማይድን ሲታወቅ፣ ልጆቻቸው አባታቸውን አማክረው ለእሳቸው ላለመንገር ወሰኑ። ሊደብቁት የሞከሩት ከማን እንደሆነ ዘነጉ። አንድ ከሰዓት በኋላ እህታችን ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው ሴት ልጃቸውን ጠሯት።

“ክፍሉ ሞቀ ስል መስኮት ትከፍታላችሁ። በረደ ስል ትዘጋላችሁ። ሾርባው ጨው የለውም ብል እሺ፣ በዛ ብልም እሺ። እኔ እዚህ ቤት ሳልከራከር ያደርኩበት ቀን የለም። ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?”

ልጃቸው እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው። እህታችን አዳመጡ፤ ሁለት ጥያቄ ጠየቁ፤ መልሱን ሲያገኙም ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይህን ለመናገር ነው እንዲህ የተሰቃያችሁት? በይ መስኮቱን ክፈቺው።”

“አልከፍትም እማዬ፤ ይበርድሻል።”

“ተመስገን” አሉ፤ “አሁን ቤቴ ገባሁ።” ያን ቀን ከሰነበቱበት ሁሉ የተሻለ እንቅልፍ ተኙ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ጋዜጣ እያነበቡላቸው ሳለ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው የጀመሩትን ዜና እስከ መጨረሻው አንብበው ነው ልጆቹን የጠሩት።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሴትና ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና እጃቸው ላይ ሥራ የተማሩ ብዙ መሐንዲሶችን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ወቅት ለጠየቋቸው፣ ዛሬም ሊሸኟቸው ለመጡት ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ባለ ሹራቡ በእርጅናቸው፣ ሊፍቱ በተበላሸ ቀን እንኳ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው በየሳምንቱ ለጠየቋቸው ምስጋናችን የተለየ ነው።

ሰውንም ነገርንም መርምረው የወደዱ ነበሩና፣ የወደዱት ሁሉ ተፈትኖ የቀረ ነበር። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥርጣሬ በማይደርስበት ዕረፍት ይቀበልልን፤ ለባለቤታቸውም ባዶ ወንበር የሚያዩበትን ጠዋት ያቅልልላቸው። አሜን።